የጠማን ውሃ እንጂ ሃይላንድ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ሦስት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። «እስቲ አንብቢው፤ አንቺ ስትይው የከረምሽውን ሁሉ አፍርሶታል» ብላ ነው የላከችው።

ጽሑፉ በጥምቀት፣ በመስቀልና በኢሬቻ ሰው የፕላስቲክ ዕቃ ይቀንስ የሚለውን ቅስቀሳ ይቃወማል። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። የታሸገ ውሃ ሕዝቡን ከአተት (ከአጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ይጠብቃል። ባዶውን ጠርሙስ ልጆችና ቆራሌዎች ስለሚለቅሙት ሜዳው ላይ የሚቀር ነገር የለም። በዓል ደግሞ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ ባሕር ስለሌላት የውቅያኖስ ፕላስቲክ የእኛ ጭንቀት አይደለም። ቅስቀሳው የሚጎዳው ውሃ እያዞረች ልጆቿን የምታሳድገውን እናት ነው። ሲያጠቃልሉም፣ ሐሳቡ ከፈረንጅ የመጣ ነው፣ ከባህላችን ጋር አይሄድም ይላሉ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ማንንም አይሳደብም። ያሳሰባቸውም ነገር እውነተኛ ነው። ስለዚህ መልስ ይገባዋል። እኔ ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ከተራ ማለት ለእኛ ከቤት ወጥቶ ቁልቁል ወደ ጃን ሜዳ መውረድ ነው። ሜዳውን ሲሞላም አይቼዋለሁ፣ ሰው ከሄደ በኋላም አይቼዋለሁ። የምጽፈው ከዚያ ተነስቼ ነው።

አንድ ነገር ላጥራ። ሃይላንድ ስል የአንድ ድርጅት ውሃ ማለቴ አይደለም። አገሩ ሁሉ ማንኛውንም የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ሃይላንድ ይላል። እኔም እንደ አገሬው ነው የምጽፈው።

«የታሸገ ውሃ ከአተት ይጠብቃል»

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ በእሱ ልጀምር።

ጸሐፊው የ2008ን ክረምት ያስታውሳሉ። እኔም አልረሳሁትም። አተት አዲስ አበባ ገብቶ ሁላችንም የፈራንበት ጊዜ ነበር። ሰላጣ መብላት ትተን፣ ውሃ እያፈላን፣ እጃችንን በሳሙና ደጋግመን እየታጠብን ነው ያለፍነው። ስለዚህ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ንጹሕ ውሃ ይኑር ሲሉ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ከአተት የሚጠብቀን የውሃው ንጽሕና ነው። ጠርሙሱ መያዣ ነው። ያው ንጹሕ ውሃ በጀሪካንም ይመጣል፣ በሮቶም ይመጣል፣ በቦቴም ይመጣል። ቤት ውስጥ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ካልሆነ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ አለ። ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጀሪካኑ ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ጤና ኤክስቴንሽኖች ቤት ለቤት እየዞሩ ሲያስተምሩት የኖሩት ነገር ነው። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግማሽ ሊትር የሚይዝ 40 ሃይላንድ ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ ከዘመድ አዝማዱ ጋር ከተራን ቢውልበት ይበቃዋል።

ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አልዋሽም። ጀሪካኑ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት መሆን የለበትም። አፉ ይከደን። ጣሳ አይነከርበት፤ ይቀዳ። ሰው ሁሉ የየራሱን ኩባያ ይያዝ፤ አንዱን ለአሥር መቀባበል ይቅር። ይህን ማድረግ የማይችል ቤት ብዙ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር ደግሞ አለ። አተት በውሃ ብቻ አይመጣም። በእጅም ይመጣል። ገንዘቡን አውጥቶ በገዛው የታሸገ ውሃ እጁን የሚታጠብ ሰው ግን ያዩ ስንት ናቸው? እኔ ጃን ሜዳ ላይ የማየው ሰው ውሃውን ጠጥቶ፣ ያልታጠበ እጁን ወደ እንጀራው ሲሰድ ነው። ሜዳው ዳር ቧንቧ የተገጠመለት ሮቶ ቢቆም ግን ሁለቱም ይገኛል። ይጠጣል፣ በሳሙናም ይታጠባል። ለአተት ከተጨነቅን መጮህ ያለብን ለቧንቧውና ለመጸዳጃ ቤቱ ነው።

ሕፃን የያዘች፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ የታመመ ሰው ይዞ የወጣ የታሸገውን ይግዛ። ማንም ክፉ ቃል ሊናገረው አይገባም። ፀሐይ ላይ ቆሞ የደከመውም እንዲሁ። የምከራከረው ቤቱ ውሃ እያለው፣ ባዶ እጁን ወጥቶ አራት አምስት ሃይላንድ እየገዛ ስለሚጥለው ሰው ነው። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበርኩ።

«ዕቃ ተሸክሞ መውጣት ለሕዝቡ አይመቸውም» የሚል ዓረፍተ ነገርም ጽፈዋል። እስቲ ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ ያለውን ያስታውሱ። ከቤቱ ባዶ ጠርሙስ ሳይዝ የሚመጣ አለ? አክስቶቼ ከዋዜማው ጀምረው ያጥባሉ፣ ያደርቃሉ፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያድራሉ። ለራሳቸው፣ ለታመመው ጎረቤት፣ ሩቅ አገር ላለው ልጅ ጭምር ቀድተው ይመለሳሉ። ለጸበሉ ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሕዝብ ለሚጠጣው ውሃ መያዝ እንዴት ያቅተዋል?

«ቆራሌው ይለቅመዋል»

ባለፈው ጥር 13 ጠዋት ሜዳውን ለማየት ሆን ብዬ ወረድኩ። የሚካኤል ታቦት በዋዜማው ገብቷል። ሰው የለም። ጤዛው ገና አልተነሳም።

አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ማዳበሪያ እየጎተተ ይለቅማል። አሠራሩ ፈጣን ነው። ሃይላንዱን ያነሳል፣ ክዳኑን ይፈታል፣ የተረፈውን ውሃ ያፈሳል፣ በተረከዙ ይጨፈልቃል፣ ወደ ማዳበሪያው ይወረውራል። ክዳኑን ለብቻው ኪሱ ውስጥ ይከታል። ጭቃ የገባበትን አንስቶ አየው፤ መልሶ ጣለው። ጥቁር ፌስታል ከነምግብ ትርፍራፊው ነበረ፤ ዘለለው። የብስኩት ላስቲክ፣ የአይስክሬም ማንኪያ፣ የጁስ ኩባያ፣ ስትሮ፣ የፊኛ ቁራጭ ነበረ። ሁሉንም እየዘለለ አለፈ።

«ይሄንንስ?» አልኩት፣ ወደ ፌስታሉ እያሳየሁ።

«ይሄ አይመዘንም ማዘር» አለኝ።

የጸሐፊው ክርክር የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚለቅመው የሚሸጠውን ነው። ንጹሕና ነጭ የውሃ ጠርሙስ በኪሎ ይገዛል፤ ተፈጭቶ እንደገና ዕቃ ስለሚሆን። ስስ ፌስታልና የብስኩት ላስቲክ ክብደት የለውም። ቀኑን ሙሉ ቢለቀም ኪሎ አይሞላም። ምግብ የነካው ደግሞ ገዢ የለውም። ስለዚህ ይቀራል። ጃን ሜዳ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ የሚያዩት እሱ ነው።

ቀሪውን ደግሞ የሚለቅመው ሌላ ነው። ረፋዱ ላይ በጎችና ፍየሎች ይገባሉ። እንጀራው የነካውን ፌስታል ከነእንጀራው ይውጡታል። አምና ሰፈራችን የቅርጫ በሬ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሚያጥበው ልጅ ጠራኝ። ከጨጓራው ውስጥ የወጣው እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል ነበር። ሰማያዊውና ቢጫው ቀለም ገና አልለቀቀም። በሬው ሲገዛ ከስቶ ነበር፤ ነጋዴው የመንገድ ድካም ነው ብሎን ነበር። ለእንስሳት ሐኪሞች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሉካንዳ ቤቶችም ያውቁታል።

በየዓመቱ የሚያጸዱ በጎ ፈቃደኞች እንዳሉም ጸሐፊው ያነሳሉ። አዎ አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ቲሸርት አሠርተው፣ ታቦቱ ከማለፉ በፊት መንገዱን በመጥረጊያ የሚጠርጉት፣ ምንጣፍ እየዘረጉ እየጠቀለሉ የሚሮጡት ወጣቶች በጣም ያኮሩኛል። በ2012 በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ መጥቶ ነበር። የ2013 ጥምቀት ከመድረሱ በፊት ገበያው ሲነሳ ሜዳው የነበረበትን ሁኔታ ያየ ያውቀዋል። አካፋና መጥረጊያ ይዘው የወረዱት እነዚሁ ወጣቶች ናቸው። ግን ከፊት የጠረጉትን መንገድ እኛ ከኋላ እየጣልን መከተላችን አግባብ ነው? ታቦቱ ባለፈበት በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስፋልቱ ዳርና ዳር በሃይላንድ ሲሞላ አይቻለሁ።

ደግሞም ተለቀመ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። የማይሸጠው ቆሻሻ በመኪና ተጭኖ የሚሄድበት ቦታ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀበረ። ያ የቆሻሻ ተራራ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሁላችንም በየቀኑ እየጨመርንበት የተከመረ ነው። እናቶችና ሕፃናት ሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። እኔ «የሆነ ሰው ይወስደዋል» የሚል ነገር ስሰማ ወዴት ብዬ ሳልጠይቅ ማለፍ አልችልም።

«የአንድ ቀን ጉዳይ ነው» ለሚለው ብዙ አልቆይም። ከመስከረም ጀምረው ይቁጠሩ። ደመራ፣ ኢሬቻ፣ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ፣ ከዚያ ከተራና ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ፣ የጎዳና ኢፍጣሩ፣ የሁለቱ ኢዶች ሶላት። በየመሃሉ በየደብሩ የሚነግሡት በዓላት አሉ። ሜዳው ሁሌም አንድ ነው፤ ቦዩም አንድ ነው።

«ባሕር የለንም»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። እውነት ነው፣ ከአዲስ አበባ የተጣለ ጠርሙስ ውቅያኖስ አይገባም። ግን እስቲ ወዴት እንደሚሄድ አብረን እንከተለው።

ጥር በጋ ነው። የተጣለው ሁሉ ቦይ ውስጥ ደርቆ ይተኛል። የበልግ ዝናብ ሲጥል ይነሳል። ከጃን ሜዳ አካባቢ ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል። ቀበና ወደ ታላቁ አቃቂ ይገባል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይደርሳል። ክረምት ላይ እዚያ ሄዶ ያየ ሰው ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ያውቃል። ከዚያ አዋሽ ነው። አዋሽ ቆቃን ይሞላል፣ ወንጂንና መተሐራን ያጠጣል፣ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ታላላቅ ወንዞች ባሕር ሲገቡ አዋሽ አገር ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ ባሕር አለመኖሩ ያሳርፈናል ወይስ ያስጨንቀናል? ሌላው አገር ቆሻሻውን ለውቅያኖስ ያስረክባል። የእኛ እኛው ጋር ነው የሚቀረው። ሸንኮራው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ፣ ግመሎቹ የሚጠጡት ውሃ ውስጥ። ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል እንጂ አይበሰብስም። እያነሰ እያነሰ ሄዶ በዓይን የማይታይ ቁራጭ ይሆናል። ያን ጊዜ ማንም ቆራሌ አይለቅመውም።

ቢሾፍቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኢሬቻ የሚከበርበት ሆራ አርሰዲ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው። የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዚያው ነው። ሕዝቡ ወደዚያ ውሃ የሚወርደው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ ክረምቱን ላሻገረው ፈጣሪ ሊያመሰግን ነው። ሣሩና አበባው ይበሰብሳል። የሃይላንድ ክዳን አይበሰብስም። ጎንደርም ብንሄድ የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ነው። ቀሃ ላይ የሚጣለው ነገር ከጥምቀቱ ውሃ ጋር ጉዳይ አለው።

«የድሃዋን እንጀራ ይነጥቃል»

ጸሐፊው ይህን ክፍል ከልባቸው እንደጻፉት ይታወቃል። ፀሐይ ላይ ቆማ ውሃ የምትሸጠውን እናት እኔም አውቃታለሁ። ፖሊስ መጥቶ ካርቶኗን ይበትን የሚል ሰው ካለ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እከራከረዋለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ሴትየዋ የምትሸጠው ውሃ ይሁን። ጠርሙሱ ቀርቶ ውሃው ይሸጥ።

ሒሳቡን እናስላው። አንድ እሽግ ሃይላንድ ስትገዛ ገንዘቡ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ አከፋፋዩ ነው። እሷ የምታተርፈው ከላይ የምትጨምራትን ነው። ያልተሸጠ ሲተርፋት ኪሳራው የእሷ ነው። ተሸክማ የምትመጣውም እሷው ናት። ንጹሕ ውሃ ከሮቶ ቀድታ፣ ሰው ባመጣው ኮዳ ወይም ኩባያ እየሞላች ብትሸጥ ግን አብዛኛው ገንዘብ ለራሷ ነው። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም። ልጅ ሆነን አውቶቡስ ተራ ላይ «ቀዝቃዛ ውሃ» እያሉ ከጀሪካን በብርጭቆ የሚሸጡ ልጆች ነበሩ። ያኔ የጎደለው የውሃው ንጽሕናና የብርጭቆው እጥበት ነው። ሁለቱንም ዛሬ ማስተካከል ይቻላል።

ሜዳው ላይ ዞር ዞር ብለው ቢያዩ ያለ ፕላስቲክ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ሻይ በፔርሙስ የምትሸጠው ልጅ ብርጭቆዋን ባልዲ ውስጥ እያጠበች ነው የምትሠራው። ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጠው፣ ሎሚ የሚሸጠው፣ በቆሎ የምትጠብሰው ፌስታል አያስፈልጋቸውም። ቆሎ የምትሸጠዋ እናት ድሮ በደብተር ወረቀት ትጠቀልል ነበር። አሁን በትንሿ ላስቲክ ቋጥራ ነው የምትሰጠው። ጠየቅኳት። «ሰው ነው የሚፈልገው፤ በወረቀት ብሰጥ ጥለውኝ ይሄዳሉ» አለችኝ። ስለዚህ የሚለወጠው ገዢው ነው፣ እኛ። እኔ አሁን ቆሎ የምገዛው በመሐረብ ወይም በያዝኩት ጣሳ ነው። ትመርቅልኛለችም። ላስቲኩ ለእሷም ወጪ ነውና።

በወረቀት ኩባያ እንተካው የሚሉም አሉ። እሱ መፍትሔ አይደለም። ፈሳሽ የማያሳልፈው ውስጡ በስስ ፕላስቲክ ስለተለበጠ ነው።

ለሚለቅሙት ልጆችስ? ጸሐፊው «ጠርሙሱ ከቀነሰ ገቢያቸው ይቀንሳል» ይላሉ። የ12 ዓመት ልጅ ጎህ ሲቀድ ከሰው አፍ የወጣ ጠርሙስ እየለቀመ እንዲኖር ብሎ ፕላስቲክ መጣል እንዴት ውለታ ይሆናል? ጠርሙሱን የሚያከብር አሠራር ግን እኛው ጋር አለ። ለስላሳም ሆነ ቢራ በጠርሙስ ገዝቶ ወደ ቤት ለመውሰድ ወይ ባዶ ጠርሙስ ይዘው ይሄዳሉ፣ ወይ መያዣ ያስይዛሉ። ሁላችንም ልጅ ሆነን «ጠርሙሱን መልስና መያዣውን አምጣ» ተብለን ተልከናል። የመስታወት ጠርሙስ ሜዳ ላይ ተጥሎ የማይቀረው ለዚህ ነው። ሃይላንዱም በበዓል ሜዳ እንደዚያ መያዣ ቢኖረው ገዢው ራሱ ይመልሰዋል። ረስቶት ከሄደም የሚያነሳው ሰው የሚያገኘው ከኪሎው ዋጋ የተሻለ ነው። ጀርመን አገር ያሉ ዘመዶቻችን ይህን በየቀኑ ያደርጉታል። ሙኒክ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምራ በከተማዋ ቦታዎች በሚደረጉ ዝግጅቶች ላይ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዕቃ ከልክላለች። ሻጮቹ አሁንም ይሸጣሉ።

«ይህን ያህል ሕዝብ ባለበት አይሠራም» ላሉት ደግሞ ግላስተንበሪ የሚባለውን የእንግሊዝ የሜዳ ፌስቲቫል ልጥቀስ። ሁለት መቶ ሺህ ያህል ሰው ለቀናት ድንኳን ጥሎ የሚሰነብትበት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ መሸጥ አቆመ። ሰው ኮዳውን ይዞ መጣ፣ ከቧንቧ ቀዳ። ሩቅ ነው ካሉ ኬንያ ጎረቤታችን ናት። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓርኮቿና የባሕር ዳርቻዎቿ ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መግባት አይቻልም።

እኛም ጋር ሕጉ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ማን ሰማ? በ2017 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል አገደ። ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ግን በሁለቱ ሕጎች መካከል ያሉት ዓመታት አሳይተውናል።

«ከባህላችን ጋር አይሄድም»

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ።

አያቴ አንድ አገልግል ነበራት። ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፣ ከላይ በቆዳ የተለበጠ። ቆዳው ከአያያዝ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ማንገቻው ሁለት ቦታ ተበጥሶ ተጠግኗል። ክዳኑ ታችኛውን እስከ ወገቡ ይሸፍነዋል። ከተራ ገሃድ ስለሆነ የዚያን ዕለት የሚገባበት የጾም ነው። እንጀራው ይታጠፋል፣ ወጡ መሃሉ ይፈሳል፣ ሌላ እንጀራ ይደረብበታል። ጃን ሜዳ ደርሰን ሲከፈት እንጀራው ልክ ከምጣድ እንደወጣ ለስላሳ ነው። ቆዳው ሙቀቱን ይይዛል፣ ስፌቱ እርጥበቱን ይስባል። ፌስታል ውስጥ የገባ እንጀራ ግን ያልበዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ እርስ በርሱ ተጣብቆ ሊጥ ይሆናል። ይህን የማያውቅ አበሻ የለም።

ውሃው በቅል ነበር። ጠላው በእንስራ ሄዶ በጣሳና በዋንጫ ይጠጣል። ዳቦው በኮባ ነው። ወታደር የነበረው አጎቴ ኮዳውን በትከሻው አንግቶ ነው የሚወጣው። ወደ ቤት ስንመለስ የምንጥለው የሎሚና የሸንኮራ ልጣጭ ነበር። እሱን በግ ይበላዋል፤ አይሞትበትም። ታዲያ የትኛው ነው ከውጭ የመጣው? ሃይላንድ እኔ ተወልጄ ነፍስ ካወቅኩ በኋላ ነው ሜዳው ላይ የታየው። ጥምቀት ግን ስንት ዘመን ተከብሯል!

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እንላለን። ለዚያ ቀን ያለንን ምርጥ ነገር እናወጣለን። ሐበሻ ቀሚሱ ከሳጥን ይወጣል፣ ነጠላው ይታጠባል፣ ጫማው ይወለወላል። ታዲያ ምግቡና ውሃው ብቻ በማይረባ ዕቃ ለምን ይወጣል? ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ሁላችን ተደስተናል። ከውጭ የመጣው እንግዳ ካሜራውን ወደ ታቦቱ ሲያዞር እግሩ ሥር የሚንኮሻኮሸውን ሃይላንድ ስሰማ ግን አፍራለሁ።

ጸሐፊው «በእርግጥ ይህን ሞክሮ ያየው ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አምና እኛ ሞክረናል። ዘጠኝ ሆነን ነው የወጣነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ፣ የቆርቆሮ ኩባያ ዘጠኝ፣ የአያቴ አገልግል፣ የጨርቅ ቦርሳ ሁለት። ሁሉም ነገር የተሳካ አልነበረም። ጀሪካኑ ይከብዳል። ሁለቱ የእህቴ ልጆች እየተቀባበሉ እስከ ስድስት ኪሎ ሲደርሱ ትከሻቸው ተላጠ። ሳሙና ረሳን። አንድ ኩባያ ጠፋ። ከቀትር በኋላ ውሃው ሞቀ፤ የእህቴ ባል ሄዶ ቀዝቃዛ ሃይላንድ ገዝቶ መጣ። ጠጥቶ ግን ጠርሙሱን አልጣለውም። በማግስቱ ጸበል ቀዳበት።

ማታ ቤት ስንገባ ቦርሳውን አራገፍነው። የሎሚ ልጣጭ፣ ሦስት የብስኩት ላስቲክ፣ አንድ ለሕፃኑ የተገዛ የጁስ ዕቃ ብቻ ነበር። ካቻምና በዚያው ቀን የእኛ ቤተሰብ ብቻ ሁለት ትልልቅ ፌስታል ሙሉ ጥሎ እንደመጣ አስታውሳለሁ።

ዘንድሮ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግረናል። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ተገኝቷል። ጀሪካኑ ሦስት ይሆናል፤ ጠዋቱን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ እንዳይሞቅ። ሳሙናውን እኔ ነኝ የምይዘው። የምንቀመጠው እንደ ወትሮው በላይኛው በር በኩል፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ጸሐፊውም ያን ዕለት በዚያ የሚያልፉ ከሆነ ጎራ ይበሉ። ኩባያ አንድ ትርፍ ይዘናል።